አስራ ሁለት ሰዓት ከስድሳ አራት ደቂቃ

ባለፈው ረመዳን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ወሩን ሙሉ ጾመ። እኔ ግን አንድ ቀን ጎደለብኝ። ታምሜ አይደለም፤ መንገድ ወጥቼም አይደለም። ጉድለቱ የመጣው በገዛ እጄ ሠርቼ፣ በገዛ እጄ የመስጊድ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ በገዛ አፌ «አይዋሽም» ብዬ ከመሰከርኩለት ማሽን ነው። ሰው በሰው ይታለላል፤ ያለ ነው። ራሱ በሠራው ዕቃ የተታለለ ግን ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ብትፈልጉ ከእኔ ሌላ የምታገኙ አይመስለኝም። ካለም አይናገርም። እኔም የምናገረው ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ ቀድሞውኑ ሰፈሩ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ስለሰማው ነው።

ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ የፀሐይ መብራት፣ ድምፅ ማጉያ፣ አንዳንዴም የባጃጅ መብራት እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያው አስተማሪዬ የአባቴ ሬዲዮ ነበር፤ ፈታሁት፣ መግጠም አቃተኝ፣ ተገረፍኩ። ደግሜ ፈታሁት፣ ደግሜ ተገረፍኩ። በሦስተኛው ገጠምኩት፤ ዜና አነበበ። አባቴ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ «ለማንኛውም» ብለው ገረፉኝ። ከዚያ ወዲህ ዕውቀት በመፍታትና በመገረፍ እንደሚገኝ አመንኩ። ለሁሉም ነገር አንድ ሕግ እንደሚበቃም አመንኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ነው። በቤቴ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የሚናገረው ማን እንደሆነ መጻፍ ያለብኝ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የመስጊዳችን የግድግዳ ሰዓት ሞተ። አዛን የሚሉልን ሐጂ ይማም አላዘኑም፤ እሳቸው በሰዓት ሠርተው አያውቁም። የመግሪብ፣ የፀሐይ መግቢያው ሶላት፣ ጊዜ ሲደርስ ግቢው መሃል ይቆሙና ሰው ሁሉ ፀሐይዋን ሲያይ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ምሥራቅ ያያሉ።

«ፀሐይዋማ ጋራው ሥር ቶሎ ትደበቃለች፤ ታታልላለች» ይላሉ። «በምሥራቅ ያለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ብርሃኑ ሲጠፋ፣ ያኔ ገብታለች።»

ወጣቶቹ ግን በሌላ ከተማ መስጊድ ውስጥ በቀይ መብራት ሰዓት የሚያሳይ ሰሌዳ አይተው መጥተው «እኛስ?» ማለት ጀመሩ። ስብሰባ ተደረገ። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሥቼ «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

«ትችላለህ?» አሉኝ ሐጂ ይማም።

«ሐጂ፣ ይሄን የምንናገርበትን ማጉያ ማን ሠራው?»

«አንተ» አሉ። «ያፏጫል እንጂ።»

ዕቃዎቹ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ መጡልኝ። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ነገር ነበር። አንደኛዋ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ናት፤ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ፣ የታዘዘችውን ብቻ የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር። «የታዘዘችውን ብቻ» የሚለውን ሳነብ ወደድኳት። ሃያ ዓመት በቤቴ ስፈልገው የኖርኩት ጠባይ በክብሪት ቀፎ መጠን ተሠርቶ መጣልኝ። ሁለተኛው ትልልቅ ቀይ ቁጥሮችን የሚያበራ ክፍል ነው። ሦስተኛው ጊዜ ቆጣሪ ቺፕ ነው፤ የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን አይተውም። ሻጩ ሰዓቱን ሞልቶ ነው የላከልኝ፤ በፈረንጅ ሰዓት። ይቺን «በፈረንጅ ሰዓት» የምትለዋን አደራ ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳትምና።

ሦስቱ የሚነጋገሩት በሽቦ ነው። ከስልኬ ላይ ሦስት ቀን አነበብኩ። አንዱ ሽቦ ምት ይመታል፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ምቱን የምትመታው አዛዧ ማይክሮኮንትሮለር ብቻ ናት። በሁለተኛው ሽቦ ትናገራለች፣ በሦስተኛው ትሰማለች። የሚያውቁት ፊደል አንድና ዜሮ ብቻ ስለሆነ በየምቱ አንድ ፊደል ያልፋል፤ ስምንት ምት ስምንት ፊደል። አራተኛው የጥሪ ሽቦ ነው፤ ለእያንዳንዱ ታዛዥ የራሱ አለው። ያልተጠራ ዝም ይላል።

«ይሄማ የእኔ ቤት ነው!» አልኩ ብቻዬን ጮክ ብዬ። «አንድ አዛዥ፤ ያልተጠራ የማይናገር።»

ትልቋ ልጄ መዲና በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ስታጠና ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ለእረፍት መጥታ ነበር። ላቧን ጠብ አድርጋ የምትማር ልጅ ናት። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ ልጅ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይበላሻል ብዬ ስለማምን።

«አባ፣ አንድ ነገር ዘለሉ» አለች። «አዛዧ ስትናገር ታዛዡም በዚያው ምት ይመልሳል። አንድ ፊደል ሰጥታ አንድ ትቀበላለች። ሳይሰጡ መቀበል የለም።»

«ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እያወራ ማን ማንን ይሰማል?»

«እርስዎ ሰንበቴ ገበያ ላይ የሚያውቁትን ሰው ሲያገኙ እንዴት ነው ሰላም የሚሉት?»

እንዴት እንደምንል ለማታውቁት ልንገራችሁ። እጅ ለእጅ እንያያዛለን፤ አንለቅም። እኔ የእሱን እጅ ስሜ ሳልጨርስ እሱ የእኔን ይስማል። «አካም ጅርታ፣ እንደምን አለህ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው?» «ነጋ፤ ልጆች፣ ከብቶች፣ ዝናቡ?» እኔ ሁለተኛውን ስጠይቅ እሱ የመጀመሪያውን እየመለሰ የራሱን ይጠይቃል። እጃችን ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቃል ሄዶ አንድ ቃል ይመጣል። ሁለታችንም አንድ ላይ እናወራለን፣ ሁለታችንም እንሰማለን። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጥል ይመስላል።

መዲና እጄን ያዘችና ከፍ ዝቅ አደረገችው። «ምቱ ይሄ ነው። አሁን ዋናው ነገር፣ ሰው ሁሉ ልማዱ አንድ አይደለም። አንዱ ቃሉን የሚሰጠው እጅ ሲነሣ ነው፣ ሌላው ሲወርድ። እነዚህ ሁለቱ ቺፖችም ልማዳቸው የተለያየ ነው። የእያንዳንዳቸውን ወረቀት አንብበው በየልማዳቸው ካልተቀበሏቸው...»

«ለሁሉም አንድ ሕግ!» ብዬ እጄን ነጠቅኳት። «የእኔ አባት ለሰባት ልጅ ሰባት ሕግ አላወጡም።»

የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር አብሪው ጨለማ ሆኖ ተቀመጠ። በጥሪ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪኩን ከፍ አድርጌ እለቅበታለሁ፤ ሰው ሲጠራ ድምፅ ከፍ ይደረጋል እንጂ! ዝም። ሽቦ ቀየርኩ። ዝም። አውራ ጣቴን አቃጠልኩ። እሱም ዝም። በመጨረሻ፣ እውነቱን ልጻፈው፣ ቺፑን ተቆጣሁት።

«አንተ! እየጠራሁህ ነው!»

ባለቤቴ ዘይነባ ከጓዳ «ማነው የመጣው?» አለች።

«ማንም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትቆጣው?»

«ማንም አልኩሽ!»

«እሱማ ይሻላል» አለች። «ዛሬ እንኳ ተራው የእኛ አይደለም።»

መዲና አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ «አባ፣ ጥሪው ከፍ ሲል ሳይሆን ዝቅ ሲል ነው የሚሰማው» አለች።

«ዝቅ ብሎ የሚጠራ አባት የት አየሽ?»

«አባት መቼ አልኩ? ቺፕ ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ገበያ እንደወጣች በሩን ዘግቼ ጥሪውን ዝቅ አደረግኩት። አራቱም ቁጥሮች ቦግ አሉ። ስትመለስ «ምን ነበር ችግሩ?» ብትለኝ «ብየዳው ለቆ ነበር» አልኳት። ውሸት ነው። ልጆቼን ስለ ውሸት የገረፍኩ ሰው ነኝና ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ውሸት እንደ ድንች ነው፤ አንድ ትቀብራለህ፣ ስትቆፍር አንድ ቁና ታወጣለህ።

ጊዜ ቆጣሪውን ያገናኘሁት በመጨረሻው ቀን፣ እዚያው መስጊዱ ውስጥ፣ መሰላል ላይ ቆሜ ነው። ለቁጥር አብሪው በፕሮግራሙ ውስጥ የጻፍኩትን የሰላምታ ልማድ እንዳለ ገልብጬ ለጊዜ ቆጣሪውም አደረግኩለት። የራሱን ወረቀት ገልጬ እንኳ አላየሁም። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት የሚቀይረውን መስመር ደግሞ «ነገ እጽፈዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ለሽማግሌዎቹ «ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አበራዋለሁ» ብያቸው ስለነበር ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቆሟል። አስራ ሁለት ሆነ። ሶኬቱን ሰካሁ።

12፡00።

በቀይ፤ ጥርት ብሎ። «ማሻአላህ!» ተባለ። አንዱ ትከሻዬን መታኝ። ሐጂ ይማም እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ግን ውስጤ ደነገጠ። የተሞላው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት ማለት ነበረበት። መቀየሪያውን አልጻፍኩም። አስራ ሁለት ከየት መጣ? ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይመረምራል። እኔ ምን ብዬ አሰብኩ መሰላችሁ? «ማሽኑ አገሩን አወቀ!» ስልክ ያለበትን አገር አይደለም እንዴ የሚያውቀው? ይሄም አውቆ ነው። ይህን እያሰብኩ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። ሰውም ጨረቃ ፍለጋ ተበተነ።

ቤት ስገባ መዲና ጠበቀችኝ። «አባ፣ ስድስት ሰዓቱን ደመሩለት?»

«አላስፈለገም።»

«እንዴት?»

«አወቀው።»

«ማን ነው ያወቀው?»

«ማሽኑ ነዋ። ኢትዮጵያ መሆኑን።»

የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አባ፣ ያ ማሽን ከሚሴን ቀርቶ የተሰቀለበትን ግድግዳ አያውቅም። ፕሮግራሙን ልየው?»

«ነገ።»

«ነገማ ረመዳን ነው።»

«እንግዲያው ከነገ ወዲያ» አልኩና ወደ መኝታዬ ሄድኩ።

በማግስቱ የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ሆነ። መብራት ቀኑን ሙሉ አልመጣም። አመሻሽ ላይ የመስጊዱ ግቢ ምንጣፍ ተነጠፈበት፤ ስድሳ ያህል ሰው ተምሩን፣ ሾርባውንና ውሃውን ከፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። ልክ በዚያ ሰዓት መብራት መጣ። ሰሌዳው ቦግ አለ፤ 12፡16።

«የእኔ ስልክ አስራ ሁለት ከስምንት ይላል» አለ ጀማል። ጀማል ጎረቤቴ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ አፉ ከባጃጁ ይፈጥናል።

«ስልክህን አስተካክል» አልኩት።

አስተካከለ። ሌሎች ሁለትም በእኔ ሰሌዳ ስልካቸውን አስተካከሉ። ትንሽ ቆይቶ ጀማል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ እጅ ሰዓት ያዳምጠው ጀመር። «ወላሂ አሁን ነው ያስተካከልኩት፤ እንደገና ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀረ!»

«ርካሽ ስልክ ነው» አልኩት። ደግሞም በሙሉ ልቤ ነበር ያልኩት። ሦስት ስልክ አንድ ላይ ሲዘገይ አይቼ ሦስቱንም ስልክ ወቀስኩ።

በስተ ምዕራብ ሰማዩ ጥቅጥቅ ባለ ደመና ተሸፍኖ ነበር። እኔ ማጉያው እንዳያፏጭ ስነካካ ቆይቼ ሐጂ ይማም አጠገብ ቆምኩ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረዋል። የዚያን ቀን መግሪብ አስራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ነበር። ሰሌዳው 12፡32 አለ።

«ሐጂ፣ ሞላ። አዛን ይበሉ።»

«ቱሪ፣ ቆይ» አሉ ሳይዞሩ።

«አስራ ሁለት ከሠላሳ ሁለት ሞልቷል እኮ!»

«ኮረብታው ላይ ገና ብርሃን ይታየኛል።»

ደም ወደ ራሴ ወጣ። ስድሳ ሰው እያየኝ ነው። «ሐጂ፣ ማሽን አይዋሽም። ዓይን ግን ያረጃል!»

ይህን ለአባቴ እኩያ ሽማግሌ አልኩ። ልጄ ብትለው ኖሮ ምን እንደማደርጋት እኔ አውቃለሁ።

ሐጂ አልተቆጡም። «ዓይኔስ አርጅቷል» አሉ። «ኮረብታው ግን አላረጀም።»

«ማፍጠርን ማፋጠን የተወደደ ነው!» አልኩ ወደ ሰዉ ዞሬ። «ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ። ቢስሚላህ!» ብዬ ተምሬን ጎረስኩ።

ማንም አልተከተለኝም። ስድሳ ሰው ተምሩን በጣቱ እንደያዘ አፌን ያያል። አላመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብሎ የሚታኘክ ተምር በልቼ አላውቅም። ያኔ በስተ ምዕራብ ደመናው ተሰነጠቀ።

«ኢላሊ!» አሉኝ ሐጂ። «ዙርና እይ።»

ዞርኩ። የምሥራቁ ኮረብታ ከጫፉ እስከ ወገቡ እንደ አዲስ ጀበና ቀልቷል። ላዩ ላይ ያሉትን ዛፎች መቁጠር ይቻል ነበር። ተምሩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ወረደ።

ይህ ብቻ ቢሆን የእኔ ጉዳይ ነው፤ ከጌታዬ ጋር እጨርሰዋለሁ። ግን ያን ጊዜ ማጉያው አፏጨ። ሐጂ ይማም ጎንበስ ብለው ማይኩን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ክፍት ነበር። ስነካካ ከፍቼው ነበር። «ሞላ፣ አዛን ይበሉ፣ ማሽን አይዋሽም፣ ቢስሚላህ» ያልኩት ሁሉ በአራቱ ድምፅ ማጉያ ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ተሰምቷል። ከአጥሩ ወዲያ ሳሕን ሲንኳኳ ሰማሁ። አንድ ሕጻን በደስታ ጮኸ። በየቤቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ የጠማው ሰው ብርጭቆውን ወደ አፉ እያነሣ ነው፤ በእኔ ቃል።

ማይኩን ቀማሁ። «ያ ጀማዓ! አታፍጥሩ! አልገባችም! ፀሐይ አልገባችም!» አልኩ። ይህ ብቻ እንደማይበቃ ገባኝ። ሰው ምክንያቱን ካልሰማ የትኛውን ቃሌን ይመን? «ተሳስቻለሁ!» አልኩ። «የመዲና አባት ነኝ። ሰዓቱ ልክ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ አታፍጥሩ!» ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሃያ ዓመት አባት ስሆን «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል በቤቴ ውስጥ ከአፌ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ስትወጣ በአራት ድምፅ ማጉያ ወጣች።

በኋላ ቤት ለቤት ዞረን ጠየቅን። አልሐምዱሊላህ፣ ከእኔ በቀር ማንም አላፈጠረም። ሰዉ የሚጠብቀው የሐጂ ይማምን አዛን ነበር። የእኔ ቤትማ ለጥቂት ነው የተረፈው። ዘይነባ ውሃውን ከንፈሯ ላይ አድርሳው ነበር አሉ። መዲና ናት እጇን ይዛ «እማ፣ ቆዪ፤ ይሄ አዛን አይደለም፣ አባ ነው» ያለቻት።

ለአዛኑ ገና ብዙ ደቂቃ ቀርቶን ስለነበር ስድሳ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር አጥቶ ሰሌዳዬን ያይ ጀመር። 12፡50። 12፡54። 12፡58። ሁሉም አንድ ሰዓት ይላል ብሎ ጠበቀ። 12፡60 አለ። ከዚያ 12፡62።

«ሱብሐነላህ!» አለ ጀማል። «የመዲና አባት፣ በእርስዎ ሰዓትማ ረመዳን አስራ አምስት ቀን ነው!»

ሳቁ ከግቢው ወጣ። ሐጂ ይማም እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተመለከቱ፤ የመጨረሻዋ ብርሃን ከጫፉ ላይ ጠፋች፤ ተነሥተው አዛን አሉ። ሰሌዳው ያኔ 12፡64 ይል ነበር። የሁሉም ሰው ስልክ ከሠላሳ ሁለት ይላል፤ ካስተካከሏቸው ከሦስቱ በቀር።

ከሶላት በኋላ ሰሌዳውን አውርጄ ተሸክሜ ቤት ገባሁ። መዲና ላፕቶፕዋን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም። ይሄ ከሳቋ ይብሳል።

«እጥፍ ነው የሚያነበው» አለች ትንሽ አይታ። «ሰዓቱ ስድስት ሲሆን አስራ ሁለት፤ ደቂቃው አስራ ስድስት ሲሆን ሠላሳ ሁለት። ትናንት ልክ በአስራ ሁለት ሰዓት ስላበሩት ነው ልክ የመሰለው። አገር አውቆ አይደለም።»

«እጥፍ የሚያደርግ ነገር እኮ አልጻፍኩም።»

«አልጻፉም፤ ግን አንድ ቦታ ሾልኮብዎታል። በእኛ አቆጣጠር ስድስትን አንድ ቦታ ወደ ግራ ብናንሸራትታት ስድሳ ትሆናለች፤ አሥር እጥፍ። ማሽኑ የሚያውቀው አንድና ዜሮን ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ሲንሸራተት ሁለት እጥፍ ይሆናል።» እጇን ዘረጋችልኝ። «ይያዙ። ጊዜ ቆጣሪው ቃሉን የሚሰጥዎት በዚህኛው የእጅ እንቅስቃሴ ነው። እርስዎ የቁጥር አብሪውን ልማድ ሰጥተውት በሌላኛው ይሰሙታል። ሲሰሙት የመጀመሪያው ፊደል አልፏል። ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ቀድሞ ይገባል።»

እጃችን ከፍ ዝቅ አለ። ገባኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ስትነግረኝም ሊገባኝ ይችል ነበር፤ እጄን ባልነጥቃት።

«የማንን ወረቀት ነው ያነበቡት?» አለችኝ።

«የአንዱን» አልኩ።

አንዲት ቁጥር ቀየረች፤ ሌላ ምንም። ከዚያ የስድስት ሰዓቱን መስመር ጻፈች። ሰሌዳው የስልኬን ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ ይከተል ጀመር። አንድ ዕዳ ግን ቀርቶብኝ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መዲና» አልኳት።

ጓዳ የነበረችው ዘይነባ ሳትጠራ ብቅ አለች። ድምፄ ሲወርድ የታመምኩ መስሏት ነው።

«ያ የብየዳው ነገር... ብየዳ አልነበረም። ጥሪውን ዝቅ ሳደርገው ነው የበራው። አንቺ እንዳልሽው።»

«አውቃለሁ አባ» አለች። «አዲስ ብየዳ ያብለጨልጫል፤ የእርስዎ አላብለጨለጨም።»

ልጅ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይበላሻል ብያችሁ ነበር። ያን ማታ አመሰገንኳት። እስካሁን አልተበላሸችም።

ሐጂ ይማም ሰሌዳው እንዲመለስ ፈቀዱ። አንድ ሳምንት ሙሉ አንዴ ኮረብታውን አንዴ ሰሌዳውን እያዩ መረመሩት። ወሩ ሲጋመስ ምንጣፋቸውን ሰሌዳው ሥር አዘዋወሩ።

ዒድ አለፈና ያጎደልኩትን ቀን ቀዷ ላወጣ ጾምኩ። ሰው ሁሉ እየበላ እኔ ሱቄ በር ላይ ደርቄ ተቀምጫለሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ ጀማል ደግሞ ባጃጁን አቁሞ፣ «የመዲና አባት፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይለኛል። መሸልኝና አንዲት ተምር በኪሴ ይዤ መስጊድ ሄድኩ። ሐጂ ይማም ሰሌዳውን ቀና ብለው አይተው አዛን አሉ፤ ጨርሰው ወጡ። እኔ ግቢው መሃል ተምሬን በጣቴ ይዤ ወደ ምሥራቅ አንጋጥጫለሁ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«እዚያ ጫፍ ላይ ያለችው ዛፍ ገና ብርሃን ያለባት መሰለችኝ።»

«ሰሌዳው ከነገረን አምስት ደቂቃ አልፎታል እኮ!»

«ሐጂ፣ ሰሌዳውን ማን እንደሠራው ረሱት?»

«አልረሳሁም» አሉ። «ልጅህ ናት። ብላ።»

በላሁ።